የቀላቢው እጆች

ባሕር ማዶ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የሚሰናበት ኳስ ቀላቢ የመቅለብ ችሎታው ከእጁ ወጥቶ ለተተኪው ይሰጣል። እኔም የቡድኑ ቀላቢ ነበርኩና ችሎታዬን ሰጥቼ ወደ አገሬ ስመጣ የጎደለኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ቤት በገባሁ ዕለት ታናሽ እህቴ ፍሬሕይወት እንደ ድሮው ከደረጃው ላይ «ጋሼ፣ ቅለበኝ!» ብላ ዘለለች። እጆቼን ዘረጋሁ። በመሃላቸው አልፋ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ወፈርኩ መሰለኝ» አለች፣ እንባዋን እየዋጠች።

ዛሬ ክንዷ በጀሶ ታስሮ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ችሎታዬን ለማን እንደሰጠሁ ነግሬያት የቡድኑን ጨዋታ በቴሌቪዥን እናያለን። ተተኪዬ ከተከላካዮቹ በላይ ዘሎ ኳሷን ቀለባት።

«ያንተ አያያዝ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

የታሰረ ክንዷን አየት አድርጋ «እሱስ እህት አለችው?» አለችኝ።