የዮላንዳ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር

ዮላንዳ ድርሰቷን ጮክ ብላ እያነበበች ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ እንቅልፍ ጣላት። ከዶሮ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነበር ወደ ኮሌጁ የጽሑፍ እገዛ ክፍል የመጣችው፤ ድርሰቱ እስከ እኩለ ቀን ካልገባ ደግሞ ዜሮ ነው፤ ትምህርቱንም ትወድቃለች። አጋዥዋ ብሪያና፣ ራሷም ተማሪ፣ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ስር ቀብራ ተቀመጠች። የክፍሉ ሕግ ነው፤ አጋዥ እስክሪብቶ አይነካም፣ አንዲት ቃል አይጨምርም። ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ዶሮ ሲበልት አድሮ የሚያውቅ አይመስልም።

«‹እናቴ እራት ላይ ተቀምጣ አታውቅም፣ ምክንያቱም…› ይላል» አለች ብሪያና። «ምክንያቱም ምን?»

«አንቺው ጨርሺልኝ፤ ምን አለበት?» አለች ዮላንዳ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሁለታችንንም እንዲያባርሩን? ደግሞ እናትሽን የት አውቃቸውና!»

ብሪያና ‹አሁንስ ልታንኮራፋ ነው› ብላ ልትቀሰቅሳት እጇን ስታወጣ፣ ዮላንዳ እንደተኛች አጉተመተመች።

«ከተቀመጠች መነሳት እንደማትችል ታውቃለቻ።»

ብሪያና ክንዷን ይዛ ከወንበሩ አስነሳቻት።

«በይ፣ ቆመሽ ጻፊው።»