አዲስ ነገር ካለ

የኢንተርኔት ደረጃ የሚያወጡ መሐንዲሶች ለውሳኔ እጅ አያወጡም፤ የተስማማ ሁሉ አፉን ገጥሞ «እምም» ይላል። መረቡ መጨናነቅ ሲጀምር «ሰው ለሰው አንዴ የተናገረውን ነገር መረቡ ዳግም አያድርስ» የሚል ደንብ ቀረበ። ያን ቀን ከሁሉም አስበልጣ «እምም» ያለችው ወይንሐረግ ነበረች። ደንቡን ያረቀቀችውም እሷው ናት።

ከዚያ ወዲህ ወልድያ አልጋ ከያዘችው እናቷ የተለመደው ሰላምታም ምርቃትም አይደርሳትም።

አንድ ቀን ወይንሐረግ ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ ጸጥታ ነበር። ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ላሟ ሞተች!»

«የምን ላም? አንቺ ላም የለሽም እኮ!»

«ታዲያ ደህና ነኝ ብል ትሰሚኛለሽ? ትናንት ቤቱን አቃጠልኩት፣ ዛሬ ላሟን ገደልኳት። ውሸቱም አለቀብኝ፣ አንቺ መሐንዲስ።»

በማግስቱ ወይንሐረግ ራሷ ደወለች። ስልኩ ተነሳ፤ ድምፅ ግን የለም። እናቷ «አለሁ፣ አለሁ» እያለች ይሁን ወይስ ስልኩ ከእጇ ወድቆ፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች።

ይህንንም ከዚህ በፊት ብላታለች።