ትንሿ ሳትተኛ

ሽንኩርቱ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ይጮኻል፤ እኔም ደስ ይለኛል። የሥራ ልብሴን እንኳ አላወለቅኩም። በአንድ እጄ አማስላለሁ፣ በሌላው ቲማቲም እጨምቃለሁ፣ ዓይኔ ደግሞ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። የትንሿ ልጄ አንገት በእንቅልፍ መዘንበል ጀምሯል።

«እሷማ ልትተኛ ነው» ትላለች እታለም።

እታለም የምንላት የሚስቴን ታላቅ እህት ነው። የኩሽናው በር ላይ ወንበር አድርጋ ተቀምጣለች፣ ልክ እንደ ፈታኝ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ናት። በሰርጋችን ቀን ፎቶ አንሺውን ጠጋ ብላ «የሙሽራውን እጅ ደብቅልኝ» ያለችው ይቺው ናት። የበያጅ እጅ ነዋ፣ ጥፍሩ የጠቆረ። እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ባለው ፎቶ እጄ ከአበባ ስር ነው። እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ሳስር አየዋለሁ።

ሚስቴን የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ሊያደርጋት ነው። ከተቀበለች አምሽታ ነው የምትገባው፤ መልሷን ደግሞ ዛሬ ማታ ይጠብቃሉ። እታለም ይህን ሰምታ ትናንት ከተፍ አለች። «ልጆቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነዋ። ይሄ ሰውዬ ውሃም ያሳርራል» አለች፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ሚስቴ እሷንም እኔንም አየችና ነገሩን ቆረጠችው፦ «ነገ ስገባ ልጆቹ ሳይተኙ ሲበሉ ካገኘኋቸው እሺ እላቸዋለሁ። ካልሆነ ይቅር።»

ይኸው ያ ነገ ዛሬ ነው። መኮሮኒውን ከነጥሬው ቲማቲሙ ላይ እገለብጠዋለሁ።

«ምን እያደረግክ ነው?» እታለም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። «መኮሮኒ ለብቻው ነው የሚቀቀለው።»

«አብሮ ይበስላል፣ እታለም። ሁለት ድስት የሚያጥብ ሰው የለንም።»

«ሊጥ ነው የሚሆንብህ።»

«ሊጥ ከሆነ እርስዎ ይጋግሩታል።»

ትልቋ ልጄ የቤት ሥራዋ ላይ እንዳቀረቀረች ከት ብላ ትስቃለች። እኔንም ሞቅ ሞቅ ይለኛል። የፈላ ውሃ እጨምራለሁ፣ ጨው እበትናለሁ፣ አማስዬ እከድናለሁ። ክዳኑ መንጣጣት ሲጀምር እግሬ ብቻውን ሊጨፍር ይቃጣዋል። ነገር እንዲህ ሲሳካልኝ ከስንት ዘመኔ ነው።

«አባዬ፣ ተኛች» ትላለች ትልቋ።

እሮጣለሁ። ትንሿን ከሶፋው አንስቼ ትከሻዬ ላይ እሰቅላታለሁ። የእግሯን መዳፍ እኮረኩራለሁ፣ እንደ ባቡር እየጮኽኩ ሳሎኑን አዞራታለሁ። መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ቀጥላ ትስቃለች፣ መጨረሻ ላይ «ራበኝ» ትላለች። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ የሚጥም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ኩሽና ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ድስቱ አይንጣጣም። እሳቱ የለም።

«ጋዝህ አለቀ» ትላለች እታለም። ያዘነች ለመምሰል ትሞክራለች፤ አልተዋጣላትም። «እኔ እኮ ብዬ ነበር። ዳቦ ልግዛላቸው?»

ክብሪት እጭራለሁ፤ ዝም። ደግሜ እጭራለሁ፤ ዝም። ጆሮዬ ይግላል። ይቺ ሴት ይህን ለእህት ለወንድሙ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ከአሁኑ ይሰማኛል። ጎንበስ ብዬ ሲሊንደሩን አነሳዋለሁ። ከባድ ነው፣ ሙሉ ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ነው የገባኝ። ተዘግቷል። የዘጋሁትም እኔው ነኝ።

እኛ ብየዳ ቤት ከእሳቱ ዞር ያለ ሰው ቀድሞ የሚነካው የሲሊንደሩን ቁልፍ ነው። አለቃዬ ይህን በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ልጄን ላነቃ ስሮጥ እጄ እኔን ሳያማክር ዘግቶት ሄዷል።

ሳቄ ያመልጠኛል።

«ምን ያስቅሃል?»

«የለመደ እጅ» እላትና ቁልፉን ከፍቼ እስከ መጨረሻው እለኩሳለሁ። ንዴትም ደስታም ነው ያለበት፤ ነበልባሉ ድስቱን ያቅፈዋል። ክዳኑን ሳነሳ መኮሮኒው ተከድኖ በቆየበት በራሱ ሙቀት መረቁን ጠጥቶ አብጧል። በሹካ እወጋዋለሁ። ሰተት ብሎ ይገባል። አንድ ቆርቆሮ ቱና ከነዘይቱ ደፍቼ አማስላለሁ፤ እሳቱ ስለበዛ ስሩ ያዝ አድርጎታል፣ ያድርገው። ሳህን፣ ሳህን፣ ሳህን። ለእታለምም አወጣላታለሁ፤ ሳትበላ ሄደች አልባልም።

ሚስቴ በሩን ስትከፍት ሁለቱም ልጆች አፋቸው በቲማቲም ቀልቷል። ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ ከትንሿ ሳህን ላይ በማንኪያ ትወስዳለች። ታኝካለች። ታኝካለች። የእኔ ነፍስ ተንጠልጥላለች።

«ጨው በዝቶበታል» ትላለች። ከዚያ ሌላ ማንኪያ ትደግምና፣ አፏ እንደሞላ ስልኳን ታወጣለች። «ጤና ይስጥልኝ አለቃ፣ እኔ ነኝ። አዎ። እቀበላለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እችላለሁ።»

መጮህ ያምረኛል። አልጮህም። ኩሽና ገብቼ ድስቱን ስከፍት ለእኔ የተረፈ የለም፤ ስሩ ላይ የያዘው ቡናማ ቅርፊት ብቻ። ማንኪያ አንስቼ መፋቅ እጀምራለሁ። የሚጥመው እሱ ነው።

እታለም ባዶ ሳህኗን ይዛ ገብታ አጠገቤ ትቆማለች።

«እሱን ብቻህን ልትጨርሰው ነው?»

ልከለክላት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ መከልከል ነበረብኝ። ድስቱን ወደ መሀል ገፋ አደርገዋለሁ። እሷ በወዲያ እኔ በወዲህ ቆመን እንፍቃለን፤ ማንኪያዋ ማንኪያዬን ይመታል፣ ማናችንም ወደ ኋላ አንልም።