ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል

«ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ በሙሉ፦ ከዛሬ ጀምሮ በሬጅስትራሩ ኮምፒውተሮች ትእዛዝ መጻፊያ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚወጣው ‹ስህተት ተፈጥሯል› የሚል መልእክት ‹ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል› በሚል መተካቱን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።»

የሬጅስትራሩ ፕሮግራመር ማስታወቂያውን ከግድግዳው ገንጥሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ‹ይቅርታ፣ በሽታ ተፈጥሯል› ብሎ ቢሸኝዎት ዝም ይላሉ? ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገር እንጂ።»

«ዝርዝር ሲበዛ ተጠቃሚው ይደነግጣል» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ቀና ሳይሉ።

ተጠቃሚዋ፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ትርሲት ግን ከደነገጠች ሰነባብታለች። የተመራቂዎችን ውጤት ለማውጣት ትእዛዝ ብትጽፍ ማሽኑ «ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ አላት። የውጤቱን ፋይል ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ተባለች። ነገ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ከዚያ መባረር ነው።

ፕሮግራመሩ እየተሳደበ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ማንንም ሳያስፈቅድ መልእክቱን እንደ አዲስ ጻፈው።

በማግስቱ ኮሚቴውን የሰበሰቡት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ።

«እስቲ ያደረግሽውን እዚሁ ፊታችን አሳዪን» አሏት።

ትርሲት ያንኑ ትእዛዝ ጻፈች። በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሦስት መስመር ወጣ፦

የተመራቂዎች ውጤት ፋይል አልተገኘም።
ምክንያት፦ ዓርብ ከሰዓት በዳይሬክተሩ የይለፍ ቃል፣ ከዳይሬክተሩ ኮምፒውተር ተሰርዟል።
መፍትሔ፦ ዳይሬክተሩን ይጠይቁ።

የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ጋሼ፣ ምን እያለ ነው ይሄ ነገር?» አለች ቃለ ጉባኤ ያዥዋ።

ዳይሬክተሩ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«አላብራራም» አሉ።