ጧት ጧት የሚያመው ካርድ

መንበሩ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ግን አያውቅም። ዘንድሮ ተማሪዎቹን በኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ አገራቸውን ከሰማይ ሊያሳያቸው ቆርጦ ተነሳ።

ጨዋታው ምስሉን የሚሥል ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ አይሄድም፤ የመንበሩ ኪስ ደግሞ አዲስ ካርድ አይችልም። ስለዚህ ወደ አበልጁ ወደ አበባው ሱቅ ሄደ። አበባው ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይሸጣል፤ የመንበሩን ልጅ ክርስትና ያነሳም እሱ ነው።

«አዲስ ባለ አራት ጊጋ ከምትገዛ ያገለገለ ባለ ስምንት ውሰድ» አለው አበባው። «በረራ የሚበላው ሜሞሪ ነው። ተራራው፣ ቤቱ፣ ዛፉ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ደመናውን ቀነስ ካደረግከው አያስቸግርህም።»

መንበሩ ጠንቃቃ ሰው ነው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እንደ እውነተኛ አብራሪ ቅጹን አንድ በአንድ ይሞላል፤ የሚነሳበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ሰዓቱን፣ ነፋሱን። በመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረረ። የዓባይ ሸለቆ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ እንባው መጣ።

ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሲሞክር ግን ስክሪኑ ጠቆረ። የአብራሪው ክፍል መብራቶች ይበራሉ። ከመስኮቱ ውጭ ተራራ የለ፣ ከተማ የለ፤ በጥቁሩ ላይ የተበተኑ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቻ።

የአይሲቲ መምህሩ እንዳላማው ነጠብጣቦቹን በስልክ ፎቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሜሞሪው ነው። አራቱን ስምንት አስመስለው የሚሸጡ አሉ።»

«አበባው እንዲህ አያደርግም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ እንዳላማው።

አበባው ሲጠራ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። መንበሩ ቅጹን ሞልቶ ሲበር ካርዱ እንከን አልነበረውም። በማግስቱ ጧት እንደገና ጠቆረ። አበባው ሱቁን ዘግቶ ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመለስ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የበሶ በር ሰፈር ቤቶች ቆርቆሮ ሳይቀር ያብለጨልጫል።

«ጧት ና» አለው መንበሩ።

«ጧት ሱቁን ማን ይከፍትልኛል? አይተኸዋል እኮ፣ ደኅና ነው።»

መንበሩ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። አበልጁ ሲመጣ የሚድን፣ ሲሄድ የሚታመም ካርድ ምን ዓይነት ነው? ሰውዬው ጧት መምጣት የፈራው ለምንድን ነው? ቁልፎቹን ሲነካካ ጣቶቹ መፍጠናቸውም ትዝ አለው።

ዓርብ ጧት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ክፍል ገባ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልሳ ተማሪ ጥቁር ስክሪን ላይ አፈጠጠ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

መንበሩ ከክፍል በቀጥታ ወደ አበባው ሱቅ ሄዶ ካርዱን በደንበኞች ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«አራቱን ስምንት ብለህ ሸጥክልኝ። ልጄን ያነሳህበት እጅ አያሳፍርህም?»

አበባው አልተከራከረም። ገንዘቡን መለሰ። መንበሩም ይህን እንደ ማስረጃ ያዘው።

«ያጠፋ ሰው አይመስለኝም» አለችው ሚስቱ ብዙዬ ማታ።

«ያጠፋ ባይሆን ዝም ይል ነበር?»

ወሬ እግር አለው። ደንበኛ ቀረ፤ አበባው በሁለት ወሩ ሱቁን ዘግቶ ለእርሻ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ አምበር ገባ። የክርስትና ልጁን ልደት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያይ የቀረው በዚያ ዓመት ነው። ልጁ በር በሩን ሲያይ ዋለ።

መንበሩ ክረምቱን ቆጥቦ ከአዲስ አበባ ማሸጊያው ያልተከፈተ ካርድ አስመጣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገጠመው። ቅጹን ሞላ፤ ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ሰዓቱ ሦስት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጩ ነጠብጣቦች በየቦታቸው ነበሩ።

«አሁንስ በማን ልትፈርድ ነው?» አለች ብዙዬ።

መንበሩ ማሽኑንም ጨዋታውንም ሳያጠፋ ጋቢውን ደርቦ ወደ እድር ስብሰባ ወጣ። ስብሰባው ረዘመ። ሲመለስ የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ማሽኑን ሊያጠፋ ጎንበስ አለ።

የእጁ ሰዓት ስድስት ከሩብ ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደው የጨዋታውም ሰዓት ስድስት ከሩብ ይላል፤ በስክሪኑ ላይ ግን በአምበር በኩል ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር።