ደወሉ ከተደወለ በኋላ

መጋረጃው ወርዶ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ እኔም የመዳብ ድስቴን ታቅፌ ደረጃውን ልወርድ ስል አባ ዲትማር ከመኝታ ቤቱ ጠራኝ።

«ሪቺልዳ፣ ስብ አምጪ። ቀለበቱ እምቢ አለ።»

እኛ ዘንድ ደንቡ ይኸው ነው። ጳጳስ ሲሞት የመስፍኑ ሰዎች መጥተው ቤቱን እስኪያሽጉ ድረስ የቀደመ የሻውን ይወስዳል። ሌባ የሚለን የለም፤ የሚሳቀው በዘገየው ነው። ጠዋት ሐኪሙ በጳጳሳችን በአባ ቮልራድ አፍንጫ ሥር ላባ ይዞ አየ፣ ላባው አልተነቃነቀም፣ ደወሉ ተደወለ። እኔም ለወጉ ያህል አልቅሼ ወደ ማድቤት ሮጥኩ።

ስቡን ይዤ ገባሁ። አባ ቮልራድ ባዶ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ሄዷል። የቆዳ ፋቂ ልጅ ነበሩ። ጳጳስ ሆነው በረሃቡ ዓመት የመሠዊያውን የብር ዕቃ ሸጠው ከተማውን ያበሉ፣ ለመስፍኑ አልሰግድም ብለው በስደት የተንከራተቱ ሰው ናቸው። ዲትማርንም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለበት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያነሱት እሳቸው ናቸው። አሳድገው፣ አስተምረው፣ ምክትላቸው አደረጉት። አሁን ጉልበቱን አልጋው ላይ ተክሎ ጣታቸውን ይጎትታል።

«ቀስ ይበሉ እንጂ አባ፤ የዶሮ እግር እኮ አይደለም» አልኩት።

«አንቺ ቅቢው። ወሬ አታብዢ።»

ቀባሁት። ጣታቸው ሞቀኝ። ከዚያ ታጠፈ፤ እጃቸው ከነቀለበቱ ጭብጥ አለ።

ክው ብዬ ቀረሁ። «አባ፣ እኚህ ሰው አልሞቱም።»

«ጅማት ነው፤ ሬሳ ይኮማተራል» አለና መዳፉን ዓይናቸው ላይ ጫነ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«ሪቺልዳ» አሉ ጳጳሱ ከመዳፉ ሥር። «በረደኝ።»

ዲትማር እጁን ያነሳል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳም። ቀስ ብሎ ከዓይናቸው ወደ አፍና አፍንጫቸው አወረደው፤ እዚያም ተጫነው።

መጋቢው ኤክበርት ከታች ተጣራ። «አልጋውን እናውርድ ወይስ አልጨረሳችሁም?»

«ጨርሰናል በዪው» አለኝ ዲትማር፣ ሳያየኝ።

የአባ ቮልራድ ዓይኖች ተገልጠዋል። የሚያዩት እኔን ነው።