አባ ሰንጥቅ

ልደቱ ከፈረንሳይ ወጣት ፈረስ ሊያስመጣ መወሰኑን ሲናገር ሸሪኩ ገለታ የያዘውን ባልዲ መሬት አስቀመጠ።

ሁለቱ በጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ፣ ከልደቱ ቤት ጀርባ ባለው ግቢ ፈረሶች አሏቸው። ባሕር ዳር መጋለብ ለሚወዱ የውጭ ሰዎችና ለሰርገኞች ያከራያሉ። የልደቱ አያት በባቡሩ ዘመን ከአርሲ መጥተው እዚሁ ጅቡቲ የቀሩ ናቸው። እሱም እዚሁ ተወለደ፤ አርሲን በስም እንጂ በዓይኑ አያውቃትም። ገለታ ግን ከአርሲ፣ ከፈረሰኛ ቤት የመጣ ነው።

«ከሀገር ቤት አርቢ እንግዛ» አለ ገለታ። «እናቱን አይቼ፣ አባቱን አይቼ፣ ጥርሱን በእጄ ገልጬ እመርጣለሁ። አርቢው ዓመሉን ቢደብቀኝ ጎረቤቱ ይነግረኛል። ከባሕር ማዶ የሚልኩልህ ፎቶግራፍ ነው።»

«የአርሲ ፈረስ አጭር ነው። ፈረንጅ ሲቀመጥበት እግሩ አሸዋ ይጠርጋል።»

«ያንተው ደግሞ ከላይ ሲጥላቸው ወገባቸው አሸዋ ይጠርጋል።»

ተሳሳቁ። ልደቱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

ፈረሱ የደረሰው ሙቀቱ በበረታበት ወር ነበር። ያልተኮላሸ፣ በቅጡም ያልተገራ ጥቁር ድንጉላ ነው። ወደቡ ላይ ሳጥኑ ሲከፈት በኋላ እግሩ መትቶ ወፍራሙን ጣውላ ለሁለት ሰነጠቀው። ፍንጣሪው የአንዱን ጭነት አውራጅ ጉንጭ ቀደደ። ገለታ የልደቱን ትከሻ ቸብ አድርጎ «አባ ሰንጥቅ!» አለና ሳቀ።

ልደቱ ስሙን ወደደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም፣ ሚስቱ አሰገደችም፣ የሰፈሩ ሰውም ፈረሱን አባ ሰንጥቅ ይሉት ጀመር። ገለታ ብቻ አሳጥሮ «ሰንጥቅ» ይለዋል።

ፈረሱ በገባ ሰሞን የአሮጊቷን ባዝራ አንገት ነክሶ ሥጋዋን ዘነጠለው። ዘበኛውን ከጋጣው በር ጋር አጣብቆ ጣቶቹን ጨፈለቃቸው።

«ባሕሩ አናውጦታል፤ ሙቀቱም አቃጥሎታል» አለ ገለታ። «አየሩ እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይወጣበት። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ልደቱ።

ገለታ መኖ ሊገዛ ድሬዳዋ በሄደ ማግስት ልደቱ አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ፈረሱን እንዲያይ ጋበዘ። እንግዳው ከመድረሱ በፊት የገለታን ታናሽ ወንድም ሁንዴን ጠራው። የግቢው ፈረስ ገሪ እሱ ነው።

«ውጣበት።»

«ወንድሜ አትውጣበት ብሎኛል፣ ጋሼ።»

«ወንድምህ ብቻውን ነው እንዴ ባለቤቱ? ወይስ የአርሲ ሰው ፈረስ ፈራ ብዬ ላውራብህ?»

ሁንዴ ወጣ። ፈረሱ አልንቀሳቀስ አለ። ልደቱ ከኋላ ሆኖ በውኃ ጎማ ገረፈው። ደገመው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመና በጀርባው ወደቀ፤ ሁንዴ ከሥሩ ነበር። ፈረሱ ሲነሣ የሁንዴ እግር እርካቡ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር እየጎተተው ግቢውን ዞረ። ጭንቅላቱ ከግንቡ ጋር ሲጋጭ የተሰማው ድምፅ መንገድ ድረስ ደረሰ። ነጩ ግንብ እስከ ሰው ቁመት ደም ሆነ።

ልደቱ ጎማውን ከግንቡ ማዶ ወረወረው። ጎረቤት ሲደርስ «አበደ! ፈረሱ አበደ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ገለታ ለቀብር ደረሰ። አላለቀሰም። ከቀብር መልስ በቀጥታ ጋጣው ገብቶ የፈረሱን ገላ በእጁ ዳሰሰ። ታፋው ላይ ሰንበር አብጦ ነበር፤ ጣቶቹን እዚያ ላይ ጥቂት አቆያቸው። ከዚያ ወጥቶ በለቀስተኛው ፊት «አባ ሰንጥቅን እገድለዋለሁ» አለ።

በዕድሜ ትልቁ ጎረቤት አቶ ጸሐዬ ለብቻው ወስደው መከሩት።

«ልጄ፣ እንስሳ ምን ያውቃል? በእንስሳ ቂም አይያዝም።»

«እውነትዎን ነው አባቴ፤ እንስሳ ምን ያውቃል» አለ ገለታ። «አባ ሰንጥቅ ግን ይሞታል።»

ሽማግሌው ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

ልደቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው ፖሊስ እስኪያስለው ሳቀ። «ፈረስ እገድላለሁ ያለን ሰው ምን ብለን እንሰረው?»

ለልደቱ ግን ነገሩ ሳቅ አልነበረም። በሕይወቱ ሙሉ የእኔ ብሎ የመረጠው ነገር ያ ፈረስ ብቻ ነበር። ገለታ ገበያ ውስጥ ገጀራ ሲያስል ታየ የሚል ወሬ ሲደርሰው ከዚያ በላይ አልጠበቀም። ፈረሱን በጭነት መኪና አሳፍሮ ዋራበሌ ወደሚባለው ሰፈር፣ የአሰገደች አጎት ግቢ ወሰደው። ከእሷ እጅ ካልሆነ ውኃ ስለማይጠጣ አሰገደችንም እዚያው ተዋት። ዘበኛውንና ፌሮ ብረት የያዙ ጎረምሶችን ጋጣው ዙሪያ አቆመ።

«ዓይናችሁን ከአባ ሰንጥቅ ላይ እንዳትነቅሉ» አላቸው። ልቡ ረክቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጫት ከተማ የገባበት ሰዓት ነበርና መንገዱ ጭር ብሏል። ሸሚዙን አውልቆ ጋደም እንዳለ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሲያይ ገለታ ገጀራውን ይዞ ቆሟል። ልደቱ ፈገግ አለ። መቀርቀሪያውን ራሱ ሳበለት።

«በከንቱ ደከምክ፣ ወንድሜ» አለው። «ግባና ፈልግ። የማታገኘው ቦታ ወስጄዋለሁ።»

ገለታ ወደ ጋጣው ዞሮ እንኳ አላየም። ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«እንደምን ዋልክ፣ አባ ሰንጥቅ» አለው።